የእህትማማች ከተሞችን የጋራ ዝግጅት በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ማካሄድ፦ ከማመልከቻ እስከ መጨረሻው ክፍያ

የሁለት የአውሮፓ ከተሞች ነዋሪዎች ለጥቂት ቀናት ተገናኝተው በጋራ ጉዳያቸው ላይ እንዲመክሩ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ይሰጣል። ገንዘቡ የሚወጣው «ዜጎች፣ እኩልነት፣ መብቶችና እሴቶች» ከተባለው፣ በአጭሩ «ሰርቭ» ከሚሉት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ2021 ተቋቁሞ እስከ 2027 ይቆያል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ለሰባቱ ዓመታት የተያዘለት በጀት እስከ 1.55 ቢሊዮን ዩሮ ይደርሳል። የእህትማማች ከተሞችን ዘርፍ የሚያስተዳድረው ብራስልስ ያለው የአውሮፓ የትምህርትና ባህል አስፈጻሚ ኤጀንሲ ነው።

የፈረንሳይዋ ሞንቤሊያርና የጀርመኗ ሉድቪግስቡርግ በ1950 ሲተሳሰሩ ዋናው ቁም ነገር ትናንት በጦር ሜዳ የተፋለሙ ሕዝቦችን ማስታረቅ ነበር። ዛሬ ገንዘብ ሰጪው የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ተራው ነዋሪ ስለሚኖርበት ከተማና ስለ አውሮፓ እንዲናገር፣ የተናገረውም ወደ ምክር ቤት እንዲደርስ። ከንቲባዎች ስጦታ ተለዋውጠው፣ መዘምራን ዘምረው የሚያልቅ ቅዳሜና እሁድ በራሱ ገንዘብ ሊካሄድ ይችላል፤ በዚህ ገንዘብ ግን አይካሄድም። ከአመልካቾች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአውሮፓ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በመረዳጃ ማኅበር፣ በወላጆች ኮሚቴ ወይም በከተማቸው የእህትማማችነት ኮሚቴ ውስጥ ለሚሠሩ ነው።

ማመልከት የሚችለው ማን ነው?

አመልካቹ የከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ሌላ እርከን ላይ ያለ የአካባቢ አስተዳደር፣ የእህትማማችነት ኮሚቴው ወይም የአካባቢ አስተዳደሮችን የሚወክል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሆን አለበት። የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ይህን ዘርፍ በራሱ ስም ማመልከት አይችልም፤ ሕጋዊ ምዝገባ ስላለው ብቻ በሩ አይከፈትለትም። ማኅበሩ የሚገባው በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ያመለክታል፣ ማኅበሩ ደግሞ ሰው ያመጣል፣ የውይይቱን አንድ ክፍል ይመራል፣ አስተርጓሚ ያቀርባል። ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ሁልጊዜ የሚመጡላቸው እነዚያው ጡረታ የወጡ የኮሚቴ አባላት ስለሆኑ፣ ወጣትና ስደተኛ ነዋሪ ይዞ የሚመጣ ማኅበር ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። ስለዚህ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የውጭ ግንኙነት ክፍል ስትሄዱ ገንዘብ ጠያቂ ሆናችሁ አትቅረቡ። «ይህን ያህል ሰው፣ ከዚህ ሰፈር፣ በዚህ ጉዳይ ላይ እናመጣለን» የሚል አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ።

በፕሮጀክቱ ቢያንስ ከሁለት አገሮች የመጡ ሁለት ከተሞች ይሳተፋሉ፤ ከሁለቱ አንዱ የግድ የኅብረቱ አባል አገር ከተማ መሆን አለበት። ከአባል አገሮቹ ውጭ ከፕሮግራሙ ጋር ስምምነት የፈረሙም አሉ፤ ሰርቢያ፣ አልባኒያ፣ ቦስኒያና ሄርዘጎቪና፣ ኮሶቮ እንዲሁም ዩክሬን ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ የማመልከቻ ጥሪው በወጣበት ሳምንት ፖርታሉ (ማመልከቻው የሚገባበት ድረ ገጽ) ላይ ያለውን ተመልከቱ። ብሪታንያና ስዊዘርላንድ የሉበትም። የእንግሊዝ ከተማ በእንግድነት ቢመጣ የሚከለክለው የለም፤ የሚያመጣቸው ሰዎች ግን ለክፍያ አይቆጠሩም።

አምስትና ከዚያ በላይ ከተሞች፣ ከአምስት የተለያዩ አገሮች ማሰባሰብ ከቻላችሁ «የከተሞች ኔትወርክ» የሚባል ሌላ ዘርፍ አለ። ገንዘቡ ይበልጣል፤ ሥራው ግን እስከ ሁለት ዓመት ይዘልቃል፣ የጽሕፈት ሥራውም የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታመለክቱ ከሆነ ከሁለት ከተሞች ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ምዝገባውን አስቀድማችሁ ጨርሱ

ማመልከቻው የሚገባው በአውሮፓ ኮሚሽን የገንዘብ ድጋፍና ጨረታ ፖርታል ነው። መጀመሪያ «ኢዩ ሎጊን» የሚባለውን የግል አካውንት ክፈቱ፤ ሁለተኛ ማረጋገጫውን በስልካችሁ አዘጋጁ። ቀጥሎ ድርጅቱ ባለ 9 አሃዝ መለያ ያስፈልገዋል፤ «ፒክ» ይባላል። እዚህ ላይ የተለመደው ጥፋት ማዘጋጃ ቤቱ ከዓመታት በፊት የተመዘገበ ፒክ እያለው ሌላ ሠራተኛ አዲስ ማውጣቱ ነው። አዲስ ከማውጣታችሁ በፊት በፖርታሉ የተቋማት መፈለጊያ ላይ የከተማውን ስም በአገሩ ቋንቋ፣ ከዚያም በግብር ቁጥሩ ፈልጉ። ከተገኘ «ሊር» የተባለው የተቋሙ ሕጋዊ ተጠሪ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ከሆነ ተጠሪውን ማስቀየር ሳምንታት ይፈጃል፤ በመዝጊያው ዋዜማ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ለማመልከት ፒኩ ገና ያልተረጋገጠ ቢሆንም ይሠራል። ማረጋገጫው የሚጠየቀው ካሸነፋችሁ በኋላ ነው። የመንግሥት አካላት የገንዘብ አቅም ምርመራ አይደረግባቸውም፤ ከ60,000 ዩሮ የማይበልጥ ድጋፍ የሚጠይቁም እንደዚሁ።

ደረጃ 2፦ የጥሪውን ሰነድ ከመሐል ጀምራችሁ አንብቡ

የጥሪው ሰነድ ረጅም ነው፤ ግን አቀማመጡ በሁሉም የኅብረቱ ጥሪዎች አንድ ዓይነት ነው። ከክፍል 6 ጀምሩ፤ ማን፣ ከየት፣ ስንት ሰው፣ ለስንት ወር የሚለው እዚያ አለ። ቀጥሎ ክፍል 9ን፣ ማለትም የነጥብ አሰጣጡን አንብቡ። ከዚያ ክፍል 10፤ የክፍያውና የውሉ ነገር። ክፍል 5 አብረው የሚገቡትን ሰነዶች ይዘረዝራል። መግቢያዎቹን በኋላ፣ ስትጽፉ ትመለሱባቸዋላችሁ፤ ኅብረቱ በዚያ ዓመት ትኩረት የሚሰጣቸው ጉዳዮች ያሉት እዚያ ነው።

በዘርፉ የተለመዱት ልኮች እነዚህ ናቸው። ፕሮጀክቱ ከ12 ወር አይበልጥም። እያንዳንዱ ዝግጅት ቢያንስ 50 ቀጥተኛ ተሳታፊ ያስፈልገዋል፤ ከእነዚህ ቢያንስ 25ቱ «ተጋባዥ» መሆን አለባቸው። ተጋባዥ ማለት ከአጋር ከተማው፣ ከሌላ አገር ተጉዞ የመጣ ሰው ነው። ወሳኙ ከየት እንደ ተጓዘ ነው፤ ፓስፖርቱ ወይም ትውልዱ አይደለም። በፍራንክፈርት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጀርመን ውስጥ በሚካሄድ ዝግጅት ላይ የአካባቢ ተሳታፊ ነው፤ ከሮተርዳም አውቶቡስ ተሳፍሮ የመጣው ወንድሙ ደግሞ ተጋባዥ ነው።

ቁጥሮቹን ከወጣው ጥሪ ጋር ሳታመሳክሩ አንድም ቃል አትጻፉ። በቅርብ ዓመታት የመዝጊያው ቀን ሴፕቴምበር ውስጥ ሲውል ቆይቷል። ስለዚህ የአጋር ከተማው ንግግር ከማርች ሳያልፍ ቢጀመር ይሻላል፤ በጁላይና ኦገስት አውሮፓ ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ፊርማ ማግኘት ዘበት ነው።

ደረጃ 3፦ ዝግጅቱን ንደፉ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚቀዳ ነው።

አንድ ጥያቄ ምረጡ፤ ሁለቱ ከተሞች በተለያየ መንገድ የመለሱት ጥያቄ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። «የአውሮፓ እሴቶች» የሚል ርዕስ ገምጋሚውን ያሰለቸዋል። ምሳሌ እንውሰድ። በኔዘርላንድስ የአውሮፓ ዜግነት የሌለው ነዋሪ አምስት ዓመት በሕጋዊነት ከኖረ ለከተማ ምክር ቤት መምረጥ ይችላል። በጀርመን አይችልም፤ በአንጻሩ በአንዳንድ ክፍላተ አገር ስደተኛ ነዋሪዎች የሚመርጡት አማካሪ ምክር ቤት አለ። የሌላ አባል አገር ዜጋ ከሆነ ግን በሁለቱም አገሮች በከተማ ምርጫ ላይ ይመርጣል። ስለዚህ አንድ የጀርመን ከተማና አንድ የኔዘርላንድስ ከተማ «መምረጥ የማይችል ነዋሪ ድምፁን እንዴት ያሰማ? መምረጥ የሚችለውስ ለምን ከምርጫው ይቀራል?» በሚል ጥያቄ ላይ ቢገናኙ ሁለቱም የሚነግሩትና የሚማሩት አላቸው። የአውሮፓ ፋይዳ የሚባለው ይኸው ነው። ችግሩ በአንድ ከተማ ስብሰባ የሚፈታ ከሆነ ገምጋሚው «ታዲያ ሌላው አገር ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቃል።

አሁን ቀኖቹን እንዘርጋ። ተጋባዦቹ ሐሙስ ማታ ይደርሳሉ፤ እሁድ ከምሳ በፊት ይመለሳሉ፤ ሦስት ሌሊት ነው። ተጋባዥ 35፣ የአካባቢው ሰው 60፣ በድምሩ 95። ዝቅተኛው ልክ 25 ሆኖ ሳለ 35 የሚታሰብበት ምክንያት አለ። ሰው ይታመማል፣ ፈረቃ ይቀየርበታል፣ የልጅ ጠባቂ ያጣል። በ26 ተጋባዥ የሚነሳ አውቶቡስ ሁለት ሰው ከቀሩበት ከልኩ በታች ወረደ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ክፍያው ነው።

ዓርብ ጠዋት የከንቲባው ንግግር 10 ደቂቃ ብቻ ይሁን፤ ይህን በፕሮግራሙ ላይ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ካልተጻፈ አርባ ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ ሰው ሁሉ ስምንት ስምንት ሆኖ በ12 ጠረጴዛ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ ሁለት ተጋባዥ፣ አንድ አወያይና አንድ ጸሐፊ ይኑር። ጥያቄው አንድ ነው፤ ጊዜው 50 ደቂቃ። ጸሐፊው የተባለውን ሁሉ መገልበጥ የለበትም፤ የተስማሙበትን ሦስት ነገርና ያልተስማሙበትን አንድ ነገር ይጻፍ። ከሰዓት በኋላ የምክር ቤቱን አዳራሽ ይጎብኙ፤ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ የአካባቢ ጉዳይ ተሰጥቷቸው እንደ ምክር ቤት አባል ይከራከሩ። ቅዳሜ ጠዋት የጠረጴዛዎቹ ሐሳብ ተጠቃሎ አምስት ምክረ ሐሳብ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ከሁለቱም ከተሞች የመጡ የምክር ቤት አባላት ምክረ ሐሳቦቹን ተቀብለው፣ የትኛውን መቼ ወደ አጀንዳ እንደሚያመጡ በዚያው ይናገራሉ። ፎቶ ከመነሳት ይልቅ ይህን ቃል ማስገባት ነው የፕሮጀክቱ ፍሬ።

ቅዳሜ ማታ እንጀራውም ቡናውም ይቅረብ፣ እስክስታውም ይኑር። ማንም አይከለክልም፤ ሰውን የሚያቀራርበውም እሱ ነው። ነገር ግን በማመልከቻው ላይ «የባህል ምሽት» ከውይይቱ የበለጠ ገጽ ከያዘ ነጥብ ይወድቃል። ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ትርጉም ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚታይ፣ ዝግጅቱን ግን የሚገድል ነገር ነው። ለጉባኤው አዳራሽ በአንድ ጊዜ የሚተረጉሙ ሁለት ባለሙያዎች ያስፈልጋሉ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ይቀያየራሉ፣ አንድ ሰው ብቻውን አይዘልቀውም። ለጠረጴዛዎቹ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችሉ በጎ ፈቃደኞች ይበቃሉ። በሁለቱም ከተሞች ኢትዮጵያውያን ካሉ አንዱን ጠረጴዛ በአማርኛ አድርጉት፤ ጀርመንኛም ሆነ ደችኛ ገና ያልያዛቸው እናቶችና አባቶች ሐሳባቸውን ሙሉ አድርገው የሚናገሩበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ውጤቱን በአዳራሹ ቋንቋ ያቀርባል።

የጉዞ ወረቀትን ነገር ደግሞ ስም ዝርዝር ስትሠሩ አንስቱት፤ አውቶቡስ ስትሳፈሩ አይደለም። የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድና የሚያገለግል ፓስፖርት ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያለው ሰው በሌላ የሼንገን አገር ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ለአጭር ጉብኝት መቆየት ይችላል። ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ ግን ድንበር መሻገር አይችልም፤ በተጋባዥነት አትመዝግቡት። የሚኖርበት ከተማ ዝግጅቱን ስታስተናግድ የአካባቢ ተሳታፊ አድርጉት። አየርላንድና ቆጵሮስ የኅብረቱ አባል ቢሆኑም ሼንገን ውስጥ አይደሉም፤ ሰርቢያና አልባኒያም እንደዚያው። አጋራችሁ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዦች የቪዛ ደንቡን ከኤምባሲው በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ሂሳቡ

ክፍያው ጥቅል ክፍያ ነው። ማለትም የአውቶቡስና የሆቴል ደረሰኝ ለኤጀንሲው አታቀርቡም። የምትቀበሉት ገንዘብ አስቀድሞ በተቀመጠ ሠንጠረዥ፣ በተጓዦች ቁጥር ልክ ይወሰናል፤ በቅርብ ዓመታት ጣሪያው ለአንድ ፕሮጀክት 50,000 ዩሮ አካባቢ ነው። እያንዳንዱ ዝግጅት ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል፣ በእነሱ አጠራር «ወርክ ፓኬጅ»፣ ሆኖ ይቀመጣል። ዝግጅቱ ሳይካሄድ ከቀረ ወይም ልኩን ካልሞላ የዚያ ፓኬጅ ገንዘብ ይቀራል፤ «ግን እኮ አውጥተናል» የሚል ደረሰኝ አያድንም።

ለኤጀንሲው ባይቀርብም ለራሳችሁ እውነተኛውን ወጪ ማስላት ግዴታ ነው። ከላይ ላለው ምሳሌ እንዲህ ይሠራል፤ ዋጋዎቹ ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው፣ በከተማችሁ ዋጋ ተኩ።

- ማደሪያ፦ 35 ሰው ለ3 ሌሊት፣ በ60 ዩሮ፦ 6,300
- የተጋባዦች ምግብ፦ 35 ሰው ለ3 ቀን፣ በ40 ዩሮ፦ 4,200
- ለ60 የአካባቢ ተሳታፊዎች አንድ የጋራ ምሳ፣ በ20 ዩሮ፦ 1,200
- አውቶቡስ ደርሶ መልስ፦ 3,500
- ሁለት አስተርጓሚ ለ2 ቀን፣ በቀን 600 ዩሮ፦ 2,400
- አዳራሽና ድምፅ፦ 1,000
- ዋና አወያይ፦ 1,500
- ኅትመት፣ ፎቶ፣ ጥቃቅን፦ 800

ድምሩ 20,900 ዩሮ ነው። አሁን ጥሪው በሚሰጠው ሠንጠረዥ ለ35 ተጋባዥ የሚደርሳችሁን እዩ፤ ክፍተቱን ማን እንደሚሸፍን ሁለቱ ከተሞች በደብዳቤ ይስማሙ። ክፍተቱን ለማጥበብ የቆየው የእህትማማችነት ልማድ ይረዳል፤ ተጋባዦችን በየቤቱ ማሳደር። ከ35ቱ 20ው በቤተሰብ ቢያድሩ ከማደሪያው 3,600 ዩሮ ይቀንሳል። ልጆች ካሉበት ግን ቤተሰብ ዘንድ ማሳደር የሕፃናት ጥበቃ ደንብ ይጠይቃል፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ በውሉ መረጃ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ቅድሚያ ክፍያ ይኖራል ብላችሁ አትቁረጡ፤ አውቶቡሱንና ሆቴሉን ማዘጋጃ ቤቱ ከካዝናው አስቀድሞ ሊከፍል እንደሚችል በጽሑፍ አስፈርሙ። ትንሽ የእህትማማችነት ኮሚቴ አሸንፎ ሲያበቃ ጥሬ ገንዘብ አጥቶ ዝግጅቱን የሚሰርዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ ፕሮፖዛሉን መጻፍ

ማመልከቻው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው እዚያው ፖርታሉ ላይ የሚሞላ የተቋማት መረጃ ነው። ሁለተኛው ከፖርታሉ ወርዶ ተጽፎ በፒዲኤፍ የሚመለስ ሐተታ ነው። የገጽ ገደቡ በቅጹ ላይ ተጽፏል፤ የተረፈው ገጽ ለገምጋሚው አይታይም። ፊደል በማሳነስ ለማታለል አትሞክሩ፤ የፊደሉ መጠንም ተወስኗል።

ነጥቡ ከ100 ነው፤ አግባብነት 40፣ ጥራት 40፣ ተፅዕኖ 20። ለማለፍ በድምሩ 70፣ በአግባብነት ብቻ ደግሞ 25 ያስፈልጋል። ስለዚህ በአግባብነት 24 ያገኘ ማመልከቻ በሌላው ሙሉ ነጥብ ቢያመጣም ወድቋል። 70 ማለፍም ገንዘብ ማግኘት ማለት አይደለም፤ በጀቱ እስኪያልቅ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታደለው።

አግባብነት ላይ ችግሩን በከተማችሁ ቁጥር ጻፉ። በመጨረሻው የከተማ ምርጫ ስንት ሰው ወጣ፣ ከነዋሪው ስንቱ የውጭ ዜጋ ነው፣ በአማካሪ ምክር ቤቱ ምርጫ ስንቱ ተሳተፈ? ይህ ሁሉ በማዘጋጃ ቤቱ የስታትስቲክስ ክፍል ይገኛል። ጥራት ላይ ማን ምን በየትኛው ወር እንደሚሠራ ይታይ። ሴቶችና ወንዶች እኩል እንዲናገሩ ምን እንዳሰባችሁም ይጠየቃል፤ «እኩልነትን እናከብራለን» መልስ አይደለም። የልጆች ማቆያ ክፍል ማዘጋጀት፣ የአወያዮቹን ግማሽ ሴቶች ማድረግ፣ የተናጋሪውን ጾታ ቆጥሮ መመዝገብ፣ እነዚህ መልስ ናቸው። ተፅዕኖ ላይ ምክረ ሐሳቡ በየትኛው የምክር ቤት ስብሰባ እንደሚቀርብ ከነቀኑ ካስቀመጣችሁ ብዙዎቹን ትቀድማላችሁ።

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚሳተፉ ከሆነ የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲ ሊኖራችሁ ይገባል። ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ምን ሥልጠና እንደሚሰጥ፣ ጥቆማ ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ የልጆች ፎቶና ስም ለውጭ እንዴት እንደሚወጣ መግለጽ አለበት። ማዘጋጃ ቤቱ ለትምህርት ቤቶች ያወጣው ካለ እሱን መነሻ አድርጉ።

በብዙዎቹ አባል አገሮች የፕሮግራሙ መረጃ ቢሮ አለ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ በአገሩ ቋንቋም ያነጋግራል። ረቂቃችሁን ከመዝጊያው አንድ ወር በፊት ውሰዱላቸው። በመጨረሻው ሳምንት ስልካቸው አይነሳም። ለዚህ መጠን ገንዘብ የአማካሪ ድርጅት መቅጠር አያስፈልግም። ይባስ ብሎ ለአሥር ከተማ የሚጻፍ አንድ ዓይነት ሐተታ ገምጋሚው ቶሎ ያውቀዋል።

ደረጃ 6፦ ማስገባት

ሰዓቱ የሚዘጋው በብራስልስ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ በ17፡00 (በእኛ 11 ሰዓት) ነው። ፖርታሉ ለአንድ ደቂቃም አይታገሥም። ከሁለት ቀን በፊት ያላችሁን አስገቡ፤ እስከ መዝጊያው ድረስ አሻሽሎ እንደገና ማስገባት ይቻላል፣ የመጨረሻው የፊተኛውን ይተካል። ያስገባችሁትን ፋይል አውርዳችሁ ክፈቱት። የአምናውን ረቂቅ ወይም የለውጥ ምልክቶች የተዥጎረጎሩበትን ቅጂ ማስገባት የተለመደ ነው።

ደረጃ 7፦ ከውጤቱ እስከ ውሉ

ከመዝጊያው እስከ ውጤቱ እስከ ስድስት ወር፣ ከዚያ እስከ ውል ፊርማ ተጨማሪ ሦስት ወር ሊሄድ ይችላል። በሴፕቴምበር ያመለከተ ሰው ለማርች ዝግጅት አዳራሽ ቢከራይ ራሱን ያጣብባል። በፕሮፖዛሉ ላይ ቀኑን ከመዝጊያው ቢያንስ ከዘጠኝ ወር በኋላ አድርጉ።

ውሉ የሚፈረመው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ የፈራሚነት ሥልጣን በፖርታሉ ላይ ለትክክለኛው ሰው መሰጠቱን አረጋግጡ። ከንቲባ የሚቀየርበት ምርጫ በመሐል ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ የፊርማው ወረቀት

ደረሰኝ የማይጠየቅበት ክፍያ የሚቆመው በተሳታፊዎች ፊርማ ላይ ነው። ስለዚህ የመመዝገቢያ ጠረጴዛው ላይ የምታስቀምጡት ሰው ከዝግጅቱ አስተባባሪ አያንስም። ሁለት የተለያየ ወረቀት አዘጋጁ፤ አንዱ ለተጋባዦች፣ አንዱ ለአካባቢው ሰው። በእያንዳንዱ ላይ የዝግጅቱ ስም፣ ቀን፣ ቦታና የፕሮጀክቱ ቁጥር ከላይ ይታተም፤ ከታች ሙሉ ስም፣ የመጣበት ከተማና አገር፣ ፊርማ። የተጋባዦቹን ስም ከአጋር ከተማው ተቀብላችሁ አስቀድማችሁ በኮምፒውተር አትሙት። በእጅ ሲጻፍ «አቶ ተስፋዬ» የሚል፣ የአባት ስም የሌለው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መስመር ይሞላበታል። ፊርማው በየቀኑ ይሰብሰብ፤ አውቶቡስ ውስጥም አንዴ አስፈርሙ፤ ሐሙስ ማታ ድካም ስላለ የማይፈርም አይጠፋም። መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የሚገልጽ አጭር የግል መረጃ ጥበቃ ማስታወቂያ ከወረቀቱ ጋር ይለጠፍ፤ ፎቶ የማይፈልግ ሰው የሚያመለክትበት ሣጥንም ይጨመር።

የኅብረቱ ባንዲራና «በአውሮፓ ኅብረት የተደገፈ» የሚለው ጽሑፍ በግብዣው፣ በአዳራሹ፣ በድረ ገጹና በፌስቡክ ላይ ይታይ፤ ከከተማው አርማ አያንስም። ምልክቱን ከጉግል አትልቀሙ፤ ኮሚሽኑ በሁሉም የአባል አገሮች ቋንቋ የተዘጋጀውን በነፃ ይሰጣል። የአማርኛ በራሪ ወረቀት ካሳተማችሁ ባንዲራው ከነኦፊሴላዊ ጽሑፉ እንዳለ ይቀመጥና አማርኛው ከሥሩ ይጨመር።

ደረጃ 9፦ ሪፖርት

የመጨረሻው ሪፖርት ፕሮጀክቱ ካለቀበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በዚያው ፖርታል ይገባል። ለእያንዳንዱ ዝግጅት መግለጫ ቅጽ አለ፤ የተሳታፊ ቁጥር በአገር ተከፋፍሎ፣ የተካሄደው ነገር በአጭሩ፣ ውጤቱ። ቁጥሩ ከፊርማ ወረቀቱ ጋር አንድ ለአንድ መግጠም አለበት። በፎቶው 90 ሰው እየታየ በፊርማው 61 ከሆነ፣ የተቆጠረላችሁ 61 ነው።

ሪፖርቱ ከደረሰ በኋላ ክፍያው በመደበኛው ውል 90 ቀን ይፈጃል። ኤጀንሲው ጥያቄ ካቀረበ ቆጠራው ይቆማል። ከ60,000 ዩሮ ለማይበልጥ ድጋፍ ሰነዱ ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ ለሦስት ዓመት ይቀመጣል። ወረቀቱ በአንድ የኮሚቴ አባል ቤት ከሚቀመጥ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ቢገባ ይሻላል፤ ኮሚቴ ይበተናል፣ ሰውም ከተማ ይለቃል።

አጋሩ አዲስ አበባ ቢሆንስ?

ላይፕሲግና አዲስ አበባ ከ2004 ጀምሮ እህትማማች ናቸው። እንዲህ ያለው ጥንድ በዚህ ዘርፍ ገንዘብ አያገኝም፤ ኢትዮጵያ በፕሮግራሙ ውስጥ ስለሌለች ከአዲስ አበባ የመጣ ልዑክ በተጋባዥነት አይቆጠርም። ለዚህ ሌላ ኪስ አለ። በጀርመን «ኢንጌጅመንት ግሎባል» በተባለው ተቋም ሥር ያለው የማዘጋጃ ቤቶች አገልግሎት ማዕከል በልማት ሚኒስቴሩ ገንዘብ የጀርመን ከተሞችን ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ አጋሮቻቸው ጋር ላሏቸው ፕሮጀክቶች ይደግፋል። እዚያም አመልካቹ የጀርመኑ ማዘጋጃ ቤት ነው።

ትንሽ ገንዘብ ለሚበቃው

25 ተጋባዥ ማምጣት ካልቻላችሁ ሰርቭን ተዉት። ከተሞቹ ፈረንሳይና ጀርመን ከሆኑ በ2020 ሥራ የጀመረው የፈረንሳይና ጀርመን የዜጎች ፈንድ ለትንሽ ዕቅድ አጭር ማመልከቻ ይቀበላል። በፖላንድ፣ ቼክ፣ ስሎቫኪያና ሃንጋሪ ደግሞ ብራቲስላቫ ያለው የቪሸግራድ ፈንድ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ፣ በጁንና በኦክቶበር መጀመሪያ ማመልከቻ ይዘጋል። ተሳታፊዎቹ ከ13 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ብቻ ከሆኑ የኢራስመስ ፕላስ የወጣቶች ልውውጥ ይሻላል።

ካልተሳካ

የውድቅ ደብዳቤው ከነነጥቡና ከገምጋሚዎቹ አስተያየት ጋር ይመጣል። አሠራሩ ላይ ግልጽ ስህተት ካለ፣ ለምሳሌ የገባ ሰነድ እንዳልገባ ተቆጥሮ ከሆነ፣ በ30 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። «ነጥቡ አንሶናል» ለሚል ቅሬታ ግን ጊዜ አታባክኑ። በአግባብነት ከ30 በላይ አግኝታችሁ በድምሩ ከወደቃችሁ ያንኑ ሐሳብ አሻሽላችሁ በሚቀጥለው ጥሪ መልሱት። በአግባብነት ከ25 በታች ከሆነ ጥያቄውን ራሱን ቀይሩ። አሁን ባለው ፕሮግራም የቀሩት ጥሪዎች እስከ 2027 ያሉት ናቸው። ከ2028 ጀምሮ ኮሚሽኑ ሰርቭን ከባህልና ከሚዲያ ድጋፉ ጋር አዋሕዶ «አጎራ ኢዩ» የሚል አዲስ ፕሮግራም እንዲተካው በጁላይ 2025 ሐሳብ አቅርቧል፤ የተሳታፊ ልኩም የነጥብ አሰጣጡም በአዲስ መልክ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ረቂቃችሁን ለዚያ ካቆያችሁት ከክፍል 6 ጀምራችሁ እንደገና አመሳክሩት።